አንዲት ብናኝ ቤት እንዳትገባ

ከእንጨት ሥራ ቤታችን ማታ ማታ ከሁሉም በኋላ የሚወጣው እሱ ነበር። ሲወጣም ቀኑን ሙሉ ጣውላ ሲፈትግ የዋለ ሰው አይመስልም። ጸጉሩ ተበጥሮ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ተስተካክሎ፣ ጫማው ላይ እንኳ አንዲት የሰጋቱራ ቅንጣት ሳይኖር ብቅ ይላል። በሩ ላይ ቆመን አውቶቡስ የምንጠብቀው እኛ ደግሞ ዱቄት ላይ የተንከባለልን ነው የምንመስለው። አንድ ቀን መጋዝ ላይ የሚሠራው፣ ቆራጩ የምንለው ሰውዬ፣ «ዞር በሉ እስቲ መንገድ ልቀቁ፣ ሙሽራው ወጣ» አለ። ከዚያ ወዲያ እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ተረሳና ሙሽራው ሆኖ ቀረ። እህቴ ብቻ ነበረች በስሙ የምትጠራው፤ እሷም ስትቆጣ ነው።

እኔ የሚስቱ ታላቅ እህት ነኝ። እዚያው ሥራ ቤት የሶፋና የወንበር ልብስ እሰፋለሁ። የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር ስለሆነች በግቢው ውስጥ የሚደረግ ነገር አያመልጠኝም። ምላሷ ስለታም ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ስለ አማቼ ግን ክፉ ልናገር ብል እንኳ የምናገረው አላገኝም፣ እሱም ራሱ ያናድደኛል። ጥቂት ክፋት ቢኖርበት፣ ለራሱ ትንሽ የሚሳሳ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ይህን ለመጻፍ አልቀመጥም ነበር።

የእሱ ሥራ ማለስለስ ነበር። ሌሎቹ ይቆርጣሉ፣ ይልጋሉ፣ ይገጥማሉ። አልጋው ወይም ቁም ሳጥኑ ከቆመ በኋላ ወደ እሱ ይመጣል። መጀመሪያ በሻካራው ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በመካከለኛው፣ መጨረሻ ላይ በለስላሳው ይፈትገዋል። በኋላ በኤሌክትሪክ የምትንቀጠቀጥ ማለስለሻ ተገዛችለት። ሥራውን አፈጠነችው፣ አቧራውንም አበዛችው። ሲጨርስ ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን በጣውላው ላይ ያሳልፋል፤ ትንሽ ከኮሰኮሰው እንደገና ይጀምራል። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ እንኳ እንደገና ይጀምር ነበር፤ መሳቢያው ጠመም ያለ እንደሆነም ደንበኛው ሳያይ ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው።

ከመጋዝ የሚወጣው ሰጋቱራ ከባድ ነው፣ እግር ሥር ወድቆ በመጥረጊያ ይሰበሰባል። ከማለስለስ የሚወጣው ግን የሕፃን ፓውደር ያህል የደቀቀ ነው፤ ቶሎ አይወድቅም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በእኔ መስኮት ስትገባ በጨረሯ ውስጥ ሲንሳፈፍ እናየዋለን፤ ፀሐይዋ ዞር ስትል አይታይምና የሌለ ይመስለናል። ጠዋት ስመጣ ማታ ባዶ ትቼው የሄድኩት ጨርቅ ላይ በጣት መጻፍ ይቻል ነበር። አራግፌ ሥራዬን እጀምራለሁ። እኛ ጣት የሚቆርጠውን መጋዝ እንጂ ጨርቅ ላይ የሚተኛ ዱቄት ስንፈራ አልኖርንም።

ድሮ እንዲህ ንጹሕ ሰው እንዳይመስላችሁ። እህቴን ያገባ ሰሞን ከነሰጋቱራው አልጋ ላይ የሚወድቅ ሰው ነበር። ጠዋት ሲነሳ የጭንቅላቱ ቅርጽ ትራሱ ላይ ታትሞ ይቀራል። እህቴ እየጮኸች ታራግፋለች፣ እሱ እየሳቀ ሻዩን ይጠጣል። ነገሩን የለወጠችው ልጃቸው ናት። ያለቻቸው እሷ ብቻ ናት፤ ከእሷ በኋላ አልተሰጣቸውም። ገና ስትድኽ ጀምሮ ደረቷ ይዘጋ ነበር። ሲብስባት ትንፋሿ ያፏጫል፣ የአንገቷ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ዓይኗ ብቻ ይቀራል። ጤና ጣቢያ ያየቻት ነርስ መድኃኒት ሰጥታ፣ ጭስና አቧራ አጠገቧ እንዳይደርስ አስጠነቀቀች። እህቴ ምንጣፉን አነሳች፣ መጋረጃውን አወረደች፣ ወለሉን ጠዋትና ማታ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውል ጀመር። አቧራው በራሱ እግር እየተራመደ ከሥራ መልስ እቤት እንደሚገባ ማናችንም ልብ አላልንም።

የሆነው ዕለት እኔም እዚያው ነበርኩ። ልጅቷ ወፌ ቆመች የምትባልበት ጊዜ ነው። እሱ በሩን ከፍቶ ሲገባ ደስ ብሏት እየተንገዳገደች ሄዳ እግሩ ላይ ተጠመጠመች፣ አነሳት፣ ፊቷን ቀኑን ሙሉ ቁም ሳጥን ሲያለሰልስበት የዋለው ሸሚዝ ላይ ቀበረች። ራት ሳይቀርብ ከንፈሯ ጠቆረ። እህቴ ራሷን ያዘች። እሱ ልጅቷን ታቅፎ ጤና ጣቢያው ድረስ ሮጠ፤ የሮጠውም በዚያው ሸሚዝ ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዟት ነው። በር ላይ ነርሷ ከእጁ ነጥቃ ወሰደቻትና ዞር ብላ አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይህን ለብሰህ ነው የምታቅፋት?»

ልጅቷ ከሞት ተርፋ በማግስቱ እቤቷ ገባች። እሱ ግን ያቺን ጥያቄ ይዞ ወጣ፤ እንደ ፍርድ ነው የያዛት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፣ እኔ ሞኝ ነበር ለማለት አፌ አይደፍርም። ብቻ ከዚያ ቀን በኋላ አንዲት ብናኝ ይዞ ቤቱ አልገባም።

ቫርኒሽ የምንረጭበት የአየር ኮምፕረሰር አለን። መርጫውን ፈትቶ ቀጭኑን መንፊያ የገጠመበት እንደሆነ ከቱቦው ባዶ ነፋስ ይወጣል፤ በጉልበቱ ጣውላ ስንጥቅ ውስጥ የተደበቀ አቧራ ሳይቀር ፈንቅሎ ያወጣል። በመውጫ ሰዓት ሁላችንም ትንሽ ትንሽ እንነፋበት ነበር፣ ፊት ለማበስ ያህል። እሱ ግን ሥርዓት አደረገው። አሠሪያችን ያልደረቀ ቫርኒሽ ላይ አቧራ እንዳይቀመጥበት ብሎ አዳራሹ ውስጥ መንፋት ስለከለከለ፣ ሙሽራው ቱቦውን እየጎተተ ጣውላ የሚከመርበት ጓዳ ይገባና በሩን ከውስጥ ይዘጋል። መስኮት የለውም። ከጸጉሩ ይጀምራል፤ ጆሮውን፣ አንገቱን፣ የሸሚዙን ኪስ፣ የሱሪውን እጥፋት፣ ካልሲውን ሳይቀር ይነፋል። ሸሚዙን አውልቆ ይገለብጥና ውስጡን ደግሞ ይነፋል። ዓይኑን ይጨፍናል እንጂ አፉን አይዘጋም፤ ሲነፋ ያፏጭ ነበር። እኔ መኪናዬን እየሸፈንኩ በቱቦው ጩኸት መሃል ፉጨቱን እሰማለሁ። በሩን ሲከፍት ደመናው ተከትሎት ይወጣል፣ እሱም በመሃሉ ጸጉሩን እያበጠረ ይመጣል። «ሙሽራው ተኩሎ ጨረሰ» እንላለን፣ እንስቃለን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ሠርቶለታል። የልጅቷ ደረት መዘጋቱን እየቀነሰ ሄደ፤ ትምህርት ቤት ስትገባ እንደ እኩዮቿ ትሮጥ ነበር። ነርሷ፣ አንዳንዶቹን ሲያድጉ ይተዋቸዋል ብላ ነበር፣ እሱ ግን አላመናትም። በእሱ ሐሳብ ልጁን ያዳናት ቱቦው ነው። ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ይዘረጋል፤ ልጅቷም እንደ ዘበኛ ዙሪያውን እየዞረች ትፈትሸዋለች። ኪሱን ትገለብጣለች፣ ጎንበስ በል ብላ ከጆሮው ኋላ ታያለች። አንዲት ነገር ካገኘች ቅጣቱ ደጅ መመለስ ነው። ብዙውን ጊዜ ምንም አታገኝም፤ «አልፈሃል፣ ግባ» ትለዋለች፣ ያን ጊዜ ያነሳታል። ቀኑን የሚውለው ለዚያች ሰዓት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ የሠራተኞችን ጤና የምትከታተል ሴትዮ መጣች። ማሽኖቹን አጥፉ ብላ ሁላችንንም ሰበሰበችን። ዓይናችሁ የሚያየውን አቧራ አፍንጫችሁ ይይዘዋል፣ የሚጎዳችሁ የማታዩት ነው አለች። ዛሬ ገብቶ ዛሬ አያምም፤ ዓመታት ተኝቶ ይቆይና አንድ ቀን በአፍንጫ ወይም በሳንባ በኩል ይነሳል። መሳቢያ ማሽን ያስፈልጋል፣ ጭምብል ያስፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በአየር መንፋት ይቅር፤ የተኛውን አቧራ ቀስቅሳችሁ መልሳችሁ ትስቡታላችሁ። ታጥባችሁ፣ ልብስ ቀይራችሁ ወደ ቤት ሂዱ አለችን። ሙሽራው እጁን አነሳና የት እንደምንታጠብ ጠየቃት። ግቢው ውስጥ ያለችው ቧንቧ ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን ደረቅ ናት። ሴትዮዋ ወደ አሠሪያችን ዞረች። አሠሪያችን ወዲያው መታጠቢያ ቤት እንደሚያሠራ በሁላችንም ፊት ቃል ገባ። ክፉ ሰው አልነበረም። ቃል ሲገባ ራሱም ያምነዋል፣ ችግሩ ሲያድር ነው።

ደግሞም ጀመረው። ከግቢው ጥግ ግድግዳው ቆመ፣ ጣሪያው ተመታ። በሩን ሙሽራው ራሱ ሠራው፣ ከትልልቅ ሥራ ከተረፈ ጠንካራ እንጨት መርጦ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ የለሰለሰ በር አላየሁም፤ ለመታጠቢያ ቤት ቀርቶ ለቤተ መንግሥት የሚሆን ነው። ውሃው ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። አንድ ሰሞን ቧንቧ ሠሪው ታሞ ነው ተባለ፣ አንድ ሰሞን ቱቦ ጠፋ ተባለ፣ በኋላ የሚጠይቅም የሚመልስም ጠፋ። ዝናብ ያገኘው አንድ ሁለት ቆርቆሮ ቫርኒሽ ለጊዜው ተብሎ ገባበት፣ ከዚያ ሌላው ተከተለ። ጭምብሉም አንድ ካርቶን መጥቶ ነበር። በላብ እየራሰ፣ እየታጠበ፣ እየተሰጣ፣ ወንፊት እስኪሆን ድረስ ለበሱትና አለቀ። እኔ ከሶፋ ገበር ቆርጬ ሰፋሁላቸው። ሙሽራው ቀን ቀን አልፎ አልፎ ያስረዋል፤ ጓዳው ሲገባ ግን ያወልቀዋል፣ ፊቴን ሸፍኜ ፊቴን እንዴት እነፋለሁ ይላል።

በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ጓዳው በር ላይ ቆሜ መግቢያ ከለከልኩት። ሴትዮዋ ያለችውን ሰምተሃል አይደል ወይ አልኩት። ቱቦውን በእጁ ይዞ ቆመ።

«ሰምቻለሁ እትዬ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ የት ልጣለው? ለልጄ ይዤላት ልግባ?»

ልብስህን እዚህ አስቀምጠህ ሌላ ለብሰህ ሂድ አልኩት። ጸጉሬንና ገላዬንስ በምን ልቀይረው አለኝ፣ እንደ ቀልድ አድርጎ። ከዚያ ቀስ ብሎ በትከሻዬ በኩል አልፎ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ፉጨቱ ተሰማ፣ እኔም መኪናዬን ሸፍኜ ወደ አውቶቡሱ ሄድኩ።

መጀመሪያ የከዳው ማሽተቱ ነው። የኮላው ማሰሮ ማሞቂያው ላይ ተረስቶ ሲያር ሁላችንም አፍንጫችንን ይዘን ስንሮጥ፣ እሱ አጠገቡ ቆሞ የወንበር እግር ይፈትጋል። ቀልድ አደረግነው። የግቢው መጸዳጃ ሲሞላ የሚጠራው እሱ ሆነ፤ እሱም «ይሄ ለእኔ የተሰጠ ጸጋ ነው» እያለ ይሄዳል። ቀጥሎ አንደኛው የአፍንጫው ቀዳዳ ተዘጋ። ጉንፋን ነው አልን። ጉንፋኑ ክረምቱን ይዞት ወጥቶ በጋውንም አልለቅ አለው። እህቴ በእንፋሎት አጠነችው፣ ፋርማሲ የተሰጠውን ጠብታ ሁሉ አደረገችለት። ከዚያ መሐረቡ ላይ ደም ይታይ ጀመር፤ ሁልጊዜም ከዚያው ከአንዱ በኩል ነው። የፀሐይ ሙቀት ነው አለን። ለእህቴ እንዳልነግራት ለመነኝ፣ እኔም የነገርኳት ዕለት መሐረቡን ራሷ አጥባው እንደነበረ አወቅሁ። ከጓዳው የሚመጣው ፉጨትም በዚያ መሃል ቀረ። መቼ እንደቀረ ግን አላስታውስም።

ጉንጩ አብጦ አንድ ዓይኑ ወደ ፊት መውጣት ሲጀምር ሐኪም ቤት የወሰደችው ልጁ ናት። ያን ጊዜ አድጋ የሕፃናት አስተማሪ ሆና ነበር። ድምጿ ከግድግዳ አልፎ ሌላው ክፍል ይሰማል እያሉ የሥራ ባልደረቦቿ ያሾፉባታል፤ ያ የሚዘጋው ደረት ነው እንዲያ የሚጮኸው። እህቴ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ ብላ እቤት ስለቀረች እኔ አብሬ ሄድኩ። ብዙ ቀን ተመላልሰን፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ከሥጋው ተቆርጦ ተመርምሮ፣ በመጨረሻው ቀን ሦስታችንም ሐኪሙ ፊት ተቀመጥን። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ዓይኑ ደክሟል። ምስሉን አሳየን፤ ከጉንጩ ኋላ፣ ከዓይኑ ሥር፣ ወደ አንጎል በሚያደርሰው መንገድ ላይ። ካንሰር ነው አለ፣ ሳይሸፋፍን። ከዚያ ስለ ሥራው ይጠይቀው ጀመር። ስንት ዘመን ሠራህ፣ ጭምብል ነበራችሁ፣ አቧራውን የሚስብ ማሽን ነበራችሁ። እያንዳንዱን በትሕትና መለሰለት።

«ሥራ ስትጨርሱስ ከልብሳችሁ በምን ታራግፉታላችሁ?» አለ ሐኪሙ። «በኮምፕረሰር ራሳቸውን የሚነፉ አሉ። በተለይ በተዘጋ ክፍል ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ካልሳቡት የበለጠ በዚያች ጥቂት ደቂቃ ይስባሉ።»

ሙሽራው መጀመሪያ እኔን አየኝ። ከዚያ ልጁን አያት። ልጅቷ መልሱን ለመስማት ወደ ፊት ዘንበል ብላለች።

«በእጃችን ነው ዶክተር» አለው። «እንዲሁ መታ መታ አድርገን ነው።»

ሐኪሙ አንገቱን ነቅንቆ ወደ ሌላው ጥያቄ አለፈ። ያ ሰው ሲዋሽ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ልጅቷ ደግሞ አባቷን ለማገዝ ብላ፣ እሱኮ እቤት ሲገባ ልብሱ ላይ ምንም አይኖርበትም ነበር ዶክተር፣ በጣም ጥንቁቅ ነው አለች። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ሐኪሙ ቀዶ ጥገናው ከጊዜው እንዳለፈ፣ ጨረር ሕክምና እንዳለ፣ ግን ወረፋው ረጅም እንደሆነ ነገረን። ቀደም ብለን ብንመጣስ አለችው። ምናልባት አላት።

መድኃኒት ልታወጣ ስትሄድ እኔና እሱ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ቀረን። የእጄን አንጓ ያዘኝ፤ መዳፉ እንደ ጣውላው ለስልሶ ነበር።

«እትዬ፣ እንዳትነግሪያት።»

ተናደድኩ። በሐኪም ፊት ይዋሻል ወይ፣ በገዛ ነፍስህ ትቀልዳለህ ወይ፣ ያወረድኩበት ብዙ ነው። አላቋረጠኝም። ስጨርስ እጄን አልለቀቀም።

«ለእሷ ብዬ መሆኑን ካወቀች፣ መተንፈሱ ራሱ ያስጠላታል» አለኝ። «ማዪልኝ።»

ማልኩለት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። ልጅቷ መድኃኒቱን ይዛ ስትመለስ ምን ሆናችሁ አለችን፣ ስለ አውቶቡሱ ነው የምንጨቃጨቀው አልናት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ ለመናገር አቅም የለኝም። አልጋ ላይ ዋለ። ዓይኑ ተዘጋ፣ ፊቱ የራሱ አልሆን አለ። እህቴ መስታወቱን ከግድግዳ አውርዳ ጀርባውን አዙራ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባችው፤ እሱም የት ሄደ ብሎ አልጠየቀም። ልጅቷ ከትምህርት ቤት እንደወጣች በቀጥታ ወደ እሱ ትመጣለች። አስተማሪ ናትና እጅጌዋ ላይ የጠመኔ ዱቄት አይጠፋም። አንድ ቀን በር ላይ አስቆማት። እጅሽን ዘርጊ አላት። እሷም ጨዋታው ገባትና እየሳቀች ዘረጋች፤ በቀረችው ዓይኑ ከላይ እስከ ታች አያት። እጅጌዋን ልታራግፍ ስትል ግን ድምፁ ተለወጠ። «አታራግፊው» አላት፣ «በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው። ሁልጊዜ በእርጥብ ጨርቅ።» እሺ አባዬ ብላ እርጥብ ጨርቅ አምጥታ ጠረገች። ሐኪሙ ያለውን ከልቡ እንዳመነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። የምትጠርገውን ትመለከት ነበርና እኔ አጠገብ ቆሜ ማልቀሴን አላየችም። የጨረር ሕክምናው ተራ ደርሷል ተብሎ የተደወለው እሱ ካረፈ በኋላ ነው። ስልኩን ያነሳችው እህቴ ናት፤ አመሰግናለሁ ብላ ዘጋችው።

ሐዘኑ ትንሽ ከበረደ በኋላ ልጅቷ የአባቷን ዕቃ ከሥራ ቤት ልትወስድ እንደምትመጣ ነገረችኝ። ዕቃ ማለት ማበጠሪያው፣ አሮጌ ሸሚዙና ብርጭቆ ወረቀቱን የሚጠቀልልባት ቁራጭ እንጨት ናቸው። እኔ ላምጣልሽ ብላት እምቢ አለች፣ የአባዬን ቦታ ማየት እፈልጋለሁ አለችኝ። ጭንቅ ያዘኝ። ሰዎቹን አፋችሁን ዝጉ እንዳልል ምክንያቱን ይጠይቁኛል፣ ምክንያቱን ልናገር ብል መሐላ አለብኝ። ልጅቷ ሐዘኗ ገና ነው፣ ብዙ አታስወሯት ብቻ አልኳቸው። እነሱም ከልባቸው አዘኑላትና ሊያጽናኗት ተመካከሩ።

ስትመጣ ማሽኖቹ ሁሉ ቆሙ። አንድ በአንድ እጇን ጨበጡ፣ ስለ አባቷ መልካም መልካሙን አወሩላት። ማበጠሪያውን ሰጧት፣ እንጨቷን ሰጧት። የጣቶቹ ቦታ እንጨቷ ላይ ጎድጉዶ ነበር፣ እሷም ጣቶቿን እዚያ ላይ ታስቀምጥ ነበር። በዚህ ያበቃል ብዬ ተንፈስ ስል ቆራጩ ወደ ፊት መጣ። ሽማግሌ ሆኗል፣ ስም ያወጣለትም እሱ ስለሆነ የበለጠ የመናገር መብት ያለው ይመስለዋል።

«ነይ ላሳይሽ» አላት። «አባትሽ እንዴት ይወድሽ እንደነበረ ላሳይሽ።»

ልቀድማቸው ስል የሶፋ ክፈፍ መሃል ላይ ተጋርጦብኝ ዞሬ ስመጣ፣ ጓዳውን ከፍተውላታል። ሌሎቹም በር ላይ ተሰብስበው በወሬው ያግዙታል። ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ነው አሏት፤ አቧራ ያማታል ብሎ፣ አንቺ ዘንድ አንዲት እንዳትደርስ ብሎ፣ እዚህ ገብቶ በሩን ዘግቶ፣ ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ። እኛ ደክሞን ስንሮጥ እሱ ለአንቺ ሲል ከሁላችን በኋላ ነበር የሚወጣው። እንደሱ ያለ አባት አላየንም። ይህን ሁሉ ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ አንዳቸውም ክፉ አላሰቡም። ቆራጩ ቱቦውን አነሳ። «እንዲህ ነበር የሚያደርገው» አለና ተጫነው።

በጣውላዎቹ መሃል፣ በግድግዳው ስንጥቅ፣ በጣሪያው ማገር ላይ ለስንት ዘመን ተኝቶ የነበረው ተነሳ። ዝጋው ብዬ ጮህኩ፤ በቱቦው ጩኸት ማን ይስማኝ። ሲዘጋው ጓዳው ነጭ ሆኖ ነበር። ሰዎቹ እየሳሉ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እሷ ግን አልወጣችም። በደመናው መሃል ቆማ፣ ማበጠሪያውንና እንጨቷን ደረቷ ላይ ይዛ፣ አባቷ ከውስጥ ይዘጋው የነበረውን በር፣ የሌለውን መስኮት ታያለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«መታ መታ አድርገን» አለች፣ ለማንም አይደለም።

እጇን ይዤ ጎትቼ አወጣኋት። ቆራጩ ምን አጠፋሁ በሚል ዓይን ያየኛል፤ ምን ልበለው፣ ምንም አላጠፋህም አልኩት። ግቢው ጥግ ወስጄ መታጠቢያ ቤት ሊሆን የነበረው ክፍል በር ሥር፣ ደረጃው ላይ አስቀመጥኳት። ጀርባዋን ያስደገፈችው አባቷ የሠራው በር ነው፤ ከኋላዋ የቫርኒሹ ሽታ ይመጣል። ይስላት ጀመር። ሳሉ ሲያቆም ደግሞ ሌላ ነገር ተተካ። ያ ስንት ዘመን ያልሰማሁት፣ ሕፃን ሳለች የማውቀው ፉጨት ከደረቷ ይሰማኛል። ውሃ ላምጣልሽ ብዬ ተነስቼ ወደ ቧንቧው ሄድኩ፣ ከፈትኩት፣ ደረቅ ነው። ተመልሼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ጸጉሯ፣ ሽፋሽፍቷ፣ የሐዘን ልብሷ ሁሉ ነጭ ሆኗል። አላራገፈችውም። ትንፋሿን ለመሰብሰብ ብዙ ቆየች።

«በየቀኑ ነው አክስቴ?» አለችኝ።

መሐላው አለብኝ፣ እሷም ዓይን ዓይኔን እያየች ትጠብቃለች።

«እሑድ ሥራ አይገባም ነበር» አልኳት።